የ12ኛ ክፍልን የእንግሊዝኛ ፈተና ከልጅ ጋር በቤት ውስጥ መዘጋጀት

ይህ መመሪያ የተጻፈው ዘንድሮ ወይም በሚቀጥለው ዓመት ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚቀመጥ ልጅ ላለው ወላጅ፣ እንዲሁም ታናሹን ለመርዳት ለሚፈልግ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ነው። ረዳቱ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ መናገር አይጠበቅበትም። ከዚህ በታች ከተገለጹት ሥራዎች ዋነኛው ልጁ አንዱን መልስ ለምን እንደመረጠና ሌሎቹን ለምን እንደጣለ በአማርኛ እንዲያስረዳ ማድረግ ሲሆን፣ ይህን ትዕግሥት ያለው ማንኛውም የቤተሰብ አባል ሊሠራው ይችላል። እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ችግር ተማሪዎች ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን አለመሥራታቸው አልነበረም። ብዙዎቹ ይሠራሉ፤ ሠርተው ግን ከመልስ ቁልፍ ጋር ያመሳክራሉ፣ ስንት እንዳገኙ ይቆጥራሉ፣ ደብተሩን ይዘጋሉ፤ የሳቱት ጥያቄ በሚቀጥለው ወረቀት ላይ መልኩን ቀይሮ ሲመጣም እንደገና ይስቱታል።

የእንግሊዝኛ ዝግጅት ጥቅሙ ለእንግሊዝኛ ወረቀት ብቻ አይደለም። የታሪኩም፣ የባዮሎጂውም፣ የሒሳቡም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ጥያቄውን አንብቦ አለመረዳት መሆኑን ግን፣ በአማርኛ ሲነገረው ወዲያው የሚሠራውን የፊዚክስ ጥያቄ በወረቀት ላይ ሲያገኘው የሚስት ተማሪ ያጋጠመው መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

ፈተናው ብዙውን ጊዜ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ስለሚሰጥ፣ ሥራውን በጥር ከመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና በኋላ መጀመር በቂ ጊዜ ይሰጣል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ሳይቋረጥ የሚሠራ 40 ደቂቃ በሳምንት አንድ ቀን ተጨናንቆ ከሚሠራ አምስት ሰዓት እጅግ ይሻላል።

አንደኛ፦ ወረቀቶቹን ማሰባሰብና መቁጠር

ቢያንስ የአምስት ዓመት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶችን ያግኙ። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቶች ወይም ቀድመው ከተፈተኑ ልጆች ማግኘት ይቻላል፤ በቴሌግራምም በብዛት ይዘዋወራሉ። በቴሌግራም የሚገኘውን ሲጠቀሙ ግን ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ከወረቀቶቹ ጋር የሚለጠፉት የመልስ ቁልፎች ማን እንደሠራቸው ስለማይታወቅ ስህተት አይጠፋባቸውም፤ ልጁ በምክንያት የሚከራከርበት መልስ ካለ ቁልፉን አምኖ ከመቀበል ይልቅ ጥያቄውን ለእንግሊዝኛ መምህሩ ያሳይ። ሁለተኛው፣ ፈተናው ሲቃረብ «የዘንድሮው ወጥቷል» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ቻናሎች መብዛታቸው ነው። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ የተደረገው ስርቆትን ለመከላከል ነው። ልጁ እንዲህ ያለውን ወሬ ሲከታተል የሚያጠፋው ሳምንት ከገንዘቡ የበለጠ ይጎዳዋል።

ወረቀቶቹ ከተገኙ በኋላ ልጁ ሳይሠራቸው በፊት አገላብጦ ይያቸው። የሽፋኑን ገጽ አንብቦ የጥያቄውን ብዛትና የተሰጠውን ጊዜ ይጻፍ። በቀደሙት ዓመታት ብዙ ወረቀቶች ላይ የሚገኘው 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ስለሆነ፣ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው የንባቡን ጊዜ ጨምሮ አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ ንባብ፣ ቃላት፣ ሰዋስው፣ ምልልስ፣ ዓረፍተ ነገርንና አንቀጽን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ እያለ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ጥያቄ እንደያዘ በአንድ ሉህ ላይ ይመዝግብ። ይህን ልጁ ራሱ በእጁ መቁጠሩ ጠቃሚ ነው፤ ድካሙን የት ላይ ማዋል እንዳለበት ከማንም ምክር በላይ ይህ ሉህ ያሳየዋል።

ሁለተኛ፦ መነሻውን መለካት

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጁ አንድ ሙሉ ወረቀት በተወሰነው ሰዓት ይሥራ። ስልክ ከክፍሉ ይውጣ፤ ታናናሾቹ ውጭ ይጫወቱ። ሲሠራ አንድ ደንብ ይጠብቅ፦ እርግጠኛ ሆኖ ያልመለሰውን ጥያቄ ቁጥሩ ጎን ነጥብ ያድርግበት። ሲታረም በግምት ትክክል የሆነው እንደተሳሳተ ይቆጠራል፤ በዕድል የተገኘ መልስ በፈተናው ቀን ላይደገም ይችላልና። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይያዙ። በየክፍሉ ስንት በእርግጠኝነት እንዳገኘ፣ ስንት እንደገመተ፣ ስንት ጊዜ አጥሮት እንዳልደረሰበት ለየብቻ ይጻፍ። ጊዜ ያጠረው ልጅና ሰዋስው ያልገባው ልጅ እኩል ነጥብ ሊያመጡ ይችላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ሥራ ግን የተለያየ ነው።

ሦስተኛ፦ በየቀኑ ማንበብ

ብዙ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ማጥናት ማለት የሰዋስው ሕግ መሸምደድ ይመስላቸዋል። በእኔ እምነት የዝግጅቱ ግማሽ ጊዜ ለንባብ መዋል አለበት፤ በፍጥነት አንብቦ የሚረዳ ልጅ በሁሉም ክፍል ጊዜ ይተርፈዋልና።

የሚነበብ ነገር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእጁ ያሉት የባዮሎጂ፣ የጂኦግራፊ፣ የታሪክና የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ከእነዚህ በቀን አንድ ገጽ ሲያነብ ሁለት ትምህርት አብሮ ያጠናል። የ12ኛው መጽሐፍ ከከበደው ከ9ኛ ክፍል ይጀምር። በአንድ ገጽ ላይ ትርጉማቸውን የማያውቃቸው ቃላት ከአሥር ከበለጡ ገጹ ለጊዜው ከአቅሙ በላይ ነው ማለት ነው፤ ዝቅ ማለቱ ሊያሳፍረው አይገባም።

አነባበቡ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ሳይነካ ገጹን እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ያንብብ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይንገርዎ። መናገር ካቃተው አላነበበም፤ ዓይኑን ብቻ ነው ያስኬደው። በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ይዞ በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ ዋናውን ሐሳብ የያዘውን ዓረፍተ ነገር ያስምርበት፤ «እሱ»፣ «እሷ»፣ «ይህ»፣ «እነዚህ» የሚሉ ተውላጠ ስሞች ወደየትኛው ስም እንደሚመለሱም በቀስት ያገናኝ።

ይህ የመጨረሻው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው ግን እዚህ ነው። ስለ ወባ የተጻፈ አንቀጽ እንውሰድ። በአማርኛ «ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ የአኖፊለስ ትንኝ ናት፤ እንቁላሏን የረጋ ውሃ ላይ ትጥላለች» ስንል እንቁላል የምትጥለው ማን እንደሆነች «ትጥላለች» የሚለው ግሥ ራሱ ይነግረናል። በእንግሊዝኛው ግን በሽታውም፣ ትንኟም፣ ውሃውም «ኢት» ይባላሉ። ፈታኙ «በሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ኢት ማንን ይተካል?» ብሎ ሲጠይቅ የአማርኛ ተናጋሪው ልጅ ከግሡ የለመደውን ምልክት ስለማያገኝ በቅርብ ያየውን ስም ይመርጣል። መድኃኒቱ ስሙን በተውላጠ ስሙ ቦታ ተክቶ ዓረፍተ ነገሩን ማንበብ ነው፤ በሽታ እንቁላል አይጥልም፣ ውሃም አይጥልም።

ለንባብ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ ሁልጊዜ ጣቱን ማስረጃው ያለበት መስመር ላይ ያድርግ። «ከጽሑፉ የትኛው መስመር ነው ይህን የሚለው?» ብለው ይጠይቁት። ልጁ ከራሱ ዕውቀት ተነስቶ እውነት የሆነ፣ ነገር ግን ጽሑፉ ያላለውን መልስ መምረጥ ይወዳል። «አይደለም» ወይም «በስተቀር» የሚል ቃል ያለበትን ጥያቄ ደግሞ ቃሉን ከብቦ ይሥራው።

አራተኛ፦ ቃላትን ከነቤታቸው መያዝ

ሁለት መቶ ቃል ከነትርጉሙ ጽፎ መሸምደድ ብዙ አይጠቅምም፤ ፈተናው የሚጠይቀው ቃሉ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ትርጉም ነው። ልጁ በቀን ከሚያነበው ገጽ አምስት ቃላት ብቻ ይምረጥ። ለእያንዳንዱ ቃሉ የተገኘበትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ በዚያ ቦታ ያለውን የአማርኛ ፍቺ፣ ከዚያም ራሱ የሠራውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። በማግሥቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ ፍቺውን በእጁ ሸፍኖ ይከልሰው።

የቃል ዘመዶችንም አብሮ ይመዝግብ። በአማርኛ ከ«ወሰነ» «ውሳኔ» እና «ወሳኝ» እንደሚወጡ ሁሉ፣ በእንግሊዝኛም ከ«ዲሳይድ» «ዲሲዥን» እና «ዲሳይሲቭ» ይወጣሉ። ፈተናው እንዲህ ያሉ ዘመዳሞችን ምርጫ አድርጎ ሲያቀርብ የሚጠይቀው ባዶ ቦታው ላይ የሚገባው ግሥ ነው፣ ስም ነው ወይስ ቅጽል የሚለውን ነው። ልጁ ባዶ ቦታውን በአማርኛ ሞልቶ «ውሳኔ» ነው ወይስ «ወሳኝ» የሚመጣለት ብሎ ራሱን ቢጠይቅ መልሱ በአብዛኛው ይገለጥለታል።

አምስተኛ፦ አማርኛው የሚጎትትበትን ሰዋስው ለይቶ መሥራት

ሰዋስውን ከመጽሐፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደገና ማጥናት ጊዜ ይፈጃል። የእኛ ልጆች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚመጡት ከአማርኛው አሠራር ነው። ልጁ ይህን ሲያውቅ ስህተቱን ከስንፍና ወይም ከድንቁርና ስለማይቆጥረው በድፍረት ይሠራል።

የመጀመሪያው የሌላውን ሰው ንግግር መዘገብ ነው። እኛ «ነገ እመጣለሁ አለኝ» ስንል የተናጋሪውን ቃል ከአፉ እንዳለ እናስቀምጣለን። እንግሊዝኛው በዘገባ ሲያቀርበው ሦስት ነገር ይለውጣል፦ «እኔ» የሚለው «እሱ» ይሆናል፣ «ዊል» ወደ «ዉድ» ይዞራል፣ «ነገ» የሚለውም «በማግሥቱ» ይሆናል። ልጁ በቀን አምስት ሰው የተናገረውን ነገር ሰምቶ በዚህ መንገድ ይጻፍ፤ ታክሲ ላይ ረዳቱ ያለውን፣ እናቱ ጠዋት ያሉትን።

ሁለተኛው «የገዛሁት መጽሐፍ» የሚለው ዓይነት ነው። «ገዛሁት» በሚለው ውስጥ ያለው «ት» መጽሐፉን ስለሚያመለክት፣ ልጁ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ይላል። የመጨረሻዋ «ኢት» ትርፍ ናት። ሦስተኛው «ምንም እንኳ ቢደክመውም፣ ግን ሠራ» ማለታችን ነው፤ እንግሊዝኛው «ኦልዞው» ካለ «በት» አይደግምም፣ አንዱ ብቻ ይበቃዋል። አራተኛው የምኞት ዓረፍተ ነገር ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር» የሚለው ስለ ዛሬም ስለ ዓምናም ሊነገር ይችላል፤ እንግሊዝኛው ግን ለዛሬውና ላለፈው የተለያየ የግሥ ቅርጽ አለው። ስለዚህ ልጁ ምርጫዎቹን ከማየቱ በፊት «ይህ የዛሬ ነው ወይስ ያለፈ?» ብሎ መወሰን አለበት።

ምልልስ የሚባለው ክፍልም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እኛ «መጣ አይደል?»፣ «ትመጣለች አይደል?»፣ «በልተዋል አይደል?» እያልን በአንዲት «አይደል» ሁሉን እንጠይቃለን፤ እንግሊዝኛው እንደ ግሡ «ዲድንት ሂ»፣ «ዎንት ሺ»፣ «ሃቭንት ዜይ» እያለ ይለዋውጣል። «አልበላህም እንዴ?» ተብሎ የተጠየቀ ያልበላ ሰው ደግሞ በአማርኛ «አዎ፣ አልበላሁም» ብሎ ይመልሳል፤ በእንግሊዝኛ ግን መልሱ በ«ኖ» ይጀምራል። የቀሩት የምልልስ ጥያቄዎች ይቅርታ መጠየቅን፣ መጋበዝን፣ ምስጋናን መቀበልን የመሳሰሉ ስለሆኑ፣ ከያለፈው ወረቀት ተለቅመው ሁለት ሆኖ በድምፅ ማንበቡ ይበቃል።

ስድስተኛ፦ የስህተት ደብተር

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህን ይውሰዱ። ልጁ አንድ ደብተር ለስህተቱ ብቻ ይለይ። የሳተውን ወይም የገመተውን እያንዳንዱን ጥያቄ ከነአራቱ ምርጫ ይገልብጥ፤ ከሥሩ ትክክለኛው መልስ ለምን ትክክል እንደሆነና የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው ለምን እንዳልሆኑ በአማርኛ ይጻፍ። አራት ምርጫ ያለው አንድ ጥያቄ በዚህ መንገድ ሲሠራ አራት ትምህርት ይሆናል፤ በቀን አምስት ጥያቄ እንዲህ የሠራ ልጅ ሃምሳ ጥያቄ ሠርቶ ከሚያልፈው ይበልጥ ይማራል።

የረዳቱ ቦታ እዚህ ላይ ነው። ካስተማርኳቸው ልጆች የአንዷ እናት ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚቸረችሩ ሴት ነበሩ፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ከመለየት አያልፉም። ማታ ለማግሥቱ ወጥ ምስር እየለቀሙ ልጃቸው አጠገባቸው ትቀመጣለች። ጥያቄውን አንብባ በአማርኛ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም «እሺ፣ መልሱ ቢ ነው አልሽ። ኤ ለምን ሳይሆን ቀረ?» ይላሉ፤ ቀጥሎ ስለ ሲ፣ ቀጥሎ ስለ ዲ ይጠይቃሉ። «እንዲሁ መስሎኝ ነው፣ እማዬ» ስትል «መስሎኝ ከሆነ ምልክት አድርጊበት» ብለው ወደ ሚቀጥለው ያልፋሉ። ልጅቷ ደብተሩን ስታሳየኝ በቀይ ነጥብ ተሞልቶ ነበር፤ ስንቆጥረው አብዛኛው ነጥብ ያረፈው «ሲንስ» እና «ፎር» ባሉባቸው ጥያቄዎች ላይ ሆነ። «ሲንስ» «ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ» እንደምንለው የመነሻ ጊዜን፣ «ፎር» ደግሞ «ለሦስት ዓመት» እንደምንለው የቆይታን ርዝመት እንደሚወስድ ለማስረዳት አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። ያ ነጥብ ባይኖር ግን የትኛውን አሥር ደቂቃ እንደምንሠራ እኔም እሷም አናውቅም ነበር።

ረዳቱ ሦስት ነገር ይጠብቅ። ልጁ ሲሳሳት አይቆጣ፤ የሚቆጡት ልጅ መገመቱን መደበቅ ይጀምራል። መልሱን ራሱ ቢያውቀው እንኳ ቶሎ አይንገር። ከጎረቤት ልጅ ውጤት ጋር ፈጽሞ አያወዳድር። በየሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ቀይ ነጥቦቹ በየትኛው ርዕስ ላይ እንደበዙ አብረው ይቁጠሩና የቀጣዩ ሳምንት ሥራ በዚያ ይጀምር።

ሰባተኛ፦ ከሰዓትና ከመልስ ወረቀት ጋር መለማመድ

ከግንቦት ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ወረቀት በሰዓት ይሠራ። ልጁ የሚቀለውን ክፍል አስቀድሞ ቢሠራ እመርጣለሁ፤ ረጅሙን ምንባብ መጀመሪያ ይዞ አርባ ደቂቃ የፈጀ ልጅ የቀረውን በድንጋጤ ነው የሚሠራው። በአንድ ጥያቄ ላይ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ከቆየ ምልክት አድርጎ ይለፍ፤ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ይመለስበት። ምንም ጥያቄ ባዶ አይተው፤ ሁለቱን ምርጫ በምክንያት ከጣለ በኋላ ከቀሩት ሁለት አንዱን መምረጥ ይችላል።

በወረቀት የሚፈተን ከሆነ በመልስ ወረቀቱ ላይ የመረጠውን ፊደል ክብ በእርሳስ ማጥቆርም ልምምድ ይፈልጋል። ጥያቄ ዘልሎ ያለፈ ልጅ በመልስ ወረቀቱ ላይ ያንኑ ቁጥር መዝለል ከረሳ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ረድፍ ይዛነፍበታል። ስለዚህ በየአሥሩ ጥያቄ የጥያቄውን ቁጥርና የመልስ ወረቀቱን ቁጥር በጣቱ ያመሳክር፤ የቡክሌት ኮዱን፣ ማለትም የጥያቄ ወረቀቱን መለያ፣ ገና ከመጀመሩ በፊት ያጥቁር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች ፈተናውን በኮምፒዩተር ስለሚወስዱ፣ ልጁ በዚህ መንገድ የሚፈተን ከሆነ ረጅም ምንባብ በስክሪን ላይ ማንበብንና ማውዝ መያዝን አስቀድሞ ይልመድ። በስክሪን ላይ ማስመር ላይመቸው ስለሚችል የአንቀጾቹን ዋና ሐሳብ በአንድ በአንድ ቃል በአእምሮው መያዝን ይለማመድ።

ስምንተኛ፦ የመጨረሻዎቹ ቀናት

ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከመሄዱ በፊት ባለው ሳምንት አዲስ ወረቀት አይጀመር። ልጁ የስህተት ደብተሩን ከመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ እያነበበ፣ አሁን ያለማመንታት የሚመልሰውን በቀጭን መስመር ይሰርዝ፤ ሳይሰረዙ የቀሩት ብዙውን ጊዜ ከሁለት ገጽ አይበልጡም፣ የሚከለሱትም እነሱ ናቸው። ምን ይዞ መግባት እንደሚፈቀድ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን መመሪያ አብረው ያንብቡ። የመፈተኛ ካርዱን፣ ሁለት የተቀረጹ እርሳሶች፣ መቅረጫና ላጲስ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ያዘጋጁለት፤ ስልክ ስለማይፈቀድ ሰዓቱን እንዴት እንደሚከታተልም አስቀድመው ያጣሩ። ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ዶርም ማደሩ እንግዳ ስለሚሆንበት፣ በመጨረሻዎቹ ምሽቶች 3 ሰዓት ላይ መተኛትንና 12 ሰዓት ላይ መነሳትን ያስለምዱት። በመሸኛው ዋዜማ እነዚያን ሁለት ገጾች አንድ ጊዜ በድምፅ ያንብብልዎት፤ እርስዎም እንደወትሮው «ሌላኛው ለምን ሳይሆን ቀረ?» ብለው ይጠይቁት፤ ሲጨርስ ደብተሩን ዘግታችሁ እራት ብሉ።